ጭንቅላቱ ወደ ጎን ነው የሄደው

ጾንካ ጎረቤቴ፣ ወንበርሽን እስቲ ወደዚህ ሳብ አድርጊው፤ ጭሱ ዓይንሽ ውስጥ እየገባ ነው። ዘንድሮ ቀዩ ቃሪያ እንዴት አምሮበታል? አምና ዝናቡ አጥቦት ውሃ ውሃ ይል ነበር። የዘንድሮው ግን ቅላቱ፣ የሥጋው ውፍረት፣ ደግሞ ከእሳቱ ሲወጣ ልጣጩ እንደ ካልሲ ሳብ ሲያደርጉት እሺ ብሎ የሚመጣ… እጅሽን ብቻ አታቃጥዪ። ልጄ ሩሚያና ጓዳ ውስጥ ጠርሙስ እየቀቀለች ነው። ይሄን ልጠን፣ ከቲማቲሙ ጋር ፈጭተን፣ ዛሬውኑ ሊዩቴኒጻውን፣ የክረምት ድልሃችንን፣ አብስለን ጠርሙስ ውስጥ ካልከተትነው አያድርልንም።

ጆሮሽስ እንዴት ሆነልሽ? ሐኪሙ አጠበልሽ? ደግ አደረገ። ጆሮ ቀላል ነገር አይደለም። ዓይን እንኳ ክዳን አለው፤ ጆሮን ግን እግዜር ሲፈጥረው ክፍቱን ነው የተወው። ክዳን ይገዛለት ብሎ ያሰበ ሰው የመጣው አሁን በእኛ ዘመን ነው።

አይ፣ እንዲያው ትዝ ብሎኝ ነው። ጆሮ የሚባል ጆሮ ያለው አንድ ሰው አውቃለሁ…

ማነው ብለሽ ወደ ወይኑ ጥላ አትዙሪ። እዚያ የተቀመጠው የልጄ ባል ነው፤ በእሱ ላይ ምን አወራለሁ? እኔ የምልሽ ሌላ ሰው ነው። ሌላ ቤት፣ ሌላ ሚስት፣ ሌላ አማት። ሁለቱም የሙዚቃ ማዳመጫ መውደዳቸው እንዲያው መገጣጠም ነው። ደግሞ ይሄኛው ያንን የሾርባ ሳህን የሚያክል የእንጨት ነገር ጆሮው ላይ ደፍቶ፣ ዓይኑን ጨፍኖ፣ ምን ይሰማል? እንደ ልባችን እናውራ።

ያ የምልሽ ሰው ማዳመጫው ተቆጥሮ አያልቅም። ሌላው ሰው ጫማ እንዳለው… የእሁድ አለ፣ የዝናብ ቀን አለ፣ የቫዮሊን አለ፣ የከበሮ አለ። ስለ እያንዳንዱም ኢንተርኔት ላይ ይጽፋል። ከሶፊያ፣ ከቤልግሬድ፣ ከየት ከየት ያሉ ወንዶች ተሰብስበው ያነቡታል፣ ይሟገቱበታል። እኔ ፊደል አልቆጠርኩም፤ ሩሚያና… ያቺ የዚያኛው ሰው ሚስት ማለቴ ነው… እሷ አንብባልኛለች። እንዴት ያለ ጽሑፍ መሰለሽ? «ይሄኛው ሞቅ ያለ ነው፣ ቤት ያለ ያህል ያስተኛል» ይላል። አንዲት ሞኝ አሮጊት አውቃለሁ፤ ይሄን ስትሰማ ስለ ምድጃ የሚያወራ መስሏት ደስ አላት። ለካ ስለ ድምፅ ነው። «ያኛው ደግሞ ሴቷን ወደ ኋላ ይገፋታል፣ ሩቅ ሆና ነው የምትሰማው፣ ያሳዝናል» ብሏል። ዘፋኟን ነው እንግዲህ። ሚስቱ እንኳን ሩቅ አልነበረችም፤ የታጠበ ልብስ ታቅፋ በሩ ላይ ቆማ ነበር። ስለ እሷ የጻፈው የለም።

ባለ ቆዳ የሆኑም አሉት። እነሱ እንደ ኮምጣጤ ጠርሙስ ግጥም ነው የሚሉት። በበጋ ጆሮው ላብ በላብ ይሆናል፤ ቢሆንም «ዓለምን ይዘጋልሃል» ብሎ አሞገሳቸው። እውነቱን ነው። ዓለም ትዘጋ እንጂ… ዓለም ባቄላ ሾርባ ይዛ መጥታ «ቀዘቀዘ» ስትል መስማት ማን ይወዳል?

ከሁሉ የሚደንቁኝ ግን ጆሮ ውስጥ የሚሰኩት ትንንሾቹ ናቸው። ለእነሱማ ልክ ተለክቶላቸዋል። ሐኪም ዘንድ ሄዶ፣ ጆሮው ውስጥ እንደ ሊጥ ያለ ነገር ሞልተውለት፣ እስኪደርቅ ድረስ አፉን ከፍቶ ተቀመጠ አሉ። በወጣው ቅርጽ ሠሩለት። ለሠርጉ እንኳ እንዲህ አልተለካም፤ የወንድሙን ኮት ነው ለብሶ ያገባው። ታዲያ እነሱን ከሰካ በኋላ ድስት ገንፍሎ እሳቱን ቢያጠፋው፣ ደጁ ቢንኳኳ፣ ትንሿ ልጁ እጅጌውን ይዛ ብትጎትተው… ድፍን ነው። ማዳመጫውን ማማቴ አይደለም። ግሩም ዕቃ ነው። ባሌ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ በሕይወት በነበረ ጊዜ እንዲህ ያለ ዕቃ ኖሮኝ ቢሆን ስንት ጠብ ይቀርልኝ ነበር።

ትዕግሥቱን ደግሞ ብታዪ። አዲስ ማዳመጫ ሲመጣለት ወዲያው አያደርገውም፤ መለማመድ አለበት ይላል። ቁም ሣጥን ውስጥ፣ ሹራብ መሃል አስተኝቶት፣ ዘፈን ከፍቶለት ሥራው ይሄዳል። ቁም ሣጥኑ ለብቻው ሲዘፍን ይውላል፣ ድምፁ እስኪለሰልስ። ለዕቃ እንዲህ የሚታገስ ሰው ለሰውማ እንዴት አይታገስ? አንዲት አሮጊት ቤቱ ብትመጣ ትለማመድ፣ ጥቂት ቀን ትለስልስ ብሎ… ተይው። እሷ ዋስትና የላትም፤ ብትበላሽ የሚቀይርለት የለም።

ሚስቱ ምን እንዳላት ልንገርሽ? ከስልኳ ጋር የመጣች አንዲት ነጭ ኢርፎን። የኢርፎኗ አንደኛው ጆሮ አይሠራም። አይቶ አዘነላት። «አንቺ እኮ ሙዚቃ ሰምተሽ አታውቂም» አላት። እውነት ነው፣ አታውቅም። በሚሠራው ጆሮ ዘፈን ትሰማለች፤ በሌላው ልጅ፣ ድስት፣ በር፣ እናት ትሰማለች። እንዲህ ሆኖ ምን ሙዚቃ ይሰማል?

አሮጊቷን ግን አላስተዋወቅኩሽም አይደል? ያቺ የሚስቱ እናት። ከተራራው መንደር ናት፤ እንደኔው ወገቧን ያማታል። እዚያ ክረምት ሲገባ ጭስ የሚታየው ከሁለት ቤት ነበር፤ አምና ሽማግሌው ጎረቤቷ ካረፈ ወዲህ ከእሷ ቤት ብቻ። ልጇ ሰጋች። በረዶ ላይ ወድቃ ብትቀር ማን ያነሣታል? እኛ ዘንድ ትክረም፣ የጓሮዋን ክፍል እንስጣት ብላ አሰበች። ባሏን ሳትጠይቅ ግን አታደርገውም፣ ጨዋ ናት። ስለዚህ ጠየቀችው።

እሱ የእንጨቶቹን አድርጎ ተቀምጧል። የእንጨቶቹ እንደሌሎቹ አይደሉም፤ ጀርባቸው ወንፊት ነው። ዘፈኑ ወደ ውጭ ይወጣል፣ የሰው ድምፅ ወደ ውስጥ ይገባል፤ ራሱ ነው እንዲህ ብሎ የጻፈው። ፊቱ ቆማ፣ ጥርት አድርጋ፣ «ለእማዬ የጓሮዋን ክፍል ብንሰጣትስ? እዚህ ትክረም?» አለችው።

ጭንቅላቱን ወደ ጎን። ወዲያ… ወዲህ… ቀስ አድርጎ፣ ፈገግ ብሎ።

እንግዲህ ጾንካ፣ አንቺም እኔም የተወለድነው ቡልጋሪያ ነው። ጭንቅላት ወደ ላይና ወደ ታች ከሄደ አይሆንም ነው። ወደ ጎን ከሄደስ? እሺ ነው። ይሄን ጡት ያልጣለ ሕፃን ያውቀዋል። ባሕራችን ሊዋኝ ከሩቅ አገር የመጣ ሰው ቢምታታበት አይፈረድበትም፤ ሻጩ ጭንቅላቱን ወደ ጎን ሲያወዛውዝለት ዳቦ የለም ያለው መስሎት ተርቦ ይሄዳል። እዚሁ ተወልዶ፣ እዚሁ ያገባስ? ቄሱ «ትወስዳታለህ ወይ?» ሲሉትስ ጭንቅላቱን ወዴት ነበር ያደረገው?

ልጅቷ አለቀሰች አሉ፣ ከደስታ። ለእናቷ ደወለች። አሮጊቷም ዶሮዎቿን ለታችኛው መንደር ሰው ሰጠች፤ የፈለጠችውን እንጨት ሰጠች፤ ቧንቧው በብርድ እንዳይፈነዳ ውሃውን አፍስሳ፣ በሩን ቆልፋ መጣች። ስትደርስ ምን ብታገኝ ጥሩ ነው? የጓሮዋ ክፍል ግድግዳ በሙሉ ስፖንጅ ተለጥፎበታል። ጥቁር፣ ጉጥ ጉጥ ያለ። ድምፅ እንዳይመለስ ነው፤ ሰውየው ለካ የማዳመጫ ክፍል እያደረጋት ኖሯል። አሮጊቷ ምን ታውቃለች? ስፖንጁን እየዳሰሰች፣ «ወይ የኔ ልጅ፣ ብወድቅ ግድግዳው እንዳይጎዳኝ አስቦ ነው» ብላ መረቀችው…

ሳቂ፣ ሳቂ። እኔም ስቄያለሁ። በኋላ።

እሱ ምን አለ? «እኔ እሺ አላልኩም፤ ለአኮርዲዮኑ ነው የተወዛወዝኩት» አለ። ዋልዝ ነበር አለ። ታዲያ ዋልዝ ሰምቶ የማይወዛወዝ ማን አለ? ክፉ ሰዎች ደግሞ ሚስቱ ዋልዙ እስኪመጣ ጠብቃ ነው የጠየቀችው ይላሉ። በትንንሾቹ ከበሮ ሲሰማ፣ እህል እንደምትለቅም ዶሮ ወደ ታች ወደ ታች እንደሚል ታውቃለች ይላሉ። እኔ ይሄን አላምንም። ያቺን ልጅ ያሳደገቻት ሴት ጨዋ ናት። ዋልዝ መሆኑ ዕድል ነው፤ ዕድል ደግሞ ከላይ ነው የሚመጣው።

ከዚያ ወዲህ ሚስቱ ዝም ብላለች። ምግቡን ታቀርባለች፣ ሸሚዙን ትተኩሳለች፣ ቃል ግን የለም። ሌላ ባል ቢሆን ይጨነቅ ነበር። እሱ ምን እንዳለ ታውቂያለሽ? «ሰሞኑን ቤታችን ለማዳመጥ እንዴት ተስማማ» አለ። ደስተኛ ሰው መሆኑ ምንኛ መታደል ነው?

ነገ ጠዋት እንግዲህ ስታንቾ፣ የእህቴ ልጅ… የአሮጊቷ የእህት ልጅ ማለቴ ነው… ያመጣውን ድንች አራግፎ በዚያ አሮጌ መኪናው ወደ ተራራው ይመለሳል። ጓዟ ኮሪደሩ ላይ እንደታሰረ ነው። ወይ ይፈታል፣ ወይ መኪናው ላይ ይጫናል። ግቢ ያላት የለም፤ ውጪ ያላትም የለም። ማታ ማታ እዚያው ኮሪደር ላይ፣ ሶፋዋ ላይ ትተኛለች። ኮሪደር ምን አለው? ሰው ሁሉ ሲያልፍ ደህና እደሪ ይላል… የሚል ካለ።

አልፈርድበትም። የሰው ሁሉ ጆሮ እኩል አይደለም። እሱ እኮ የድሮ ሸክላ ሲያዳምጥ፣ አኮርዲዮን ተጫዋቹ ከመጀመሩ በፊት ትንፋሹን ሲስብ ይሰማዋል። ወንበር ሲንቋቋ ይሰማዋል። ከተመልካቹ መሃል አንዲት ሴት ስታስል ይሰማዋል፤ «በግራ በኩል፣ ከኋላ የተቀመጠች ናት» ብሎ ጽፏል። ሸክላው የተቀዳው እኔ ልጃገረድ ሳለሁ ነው። ያቺ ሴት ይሄኔ አፈር ሆናለች። የሞተች ሴት ሳል እንዲህ አጥርቶ የሚሰማ ሰው፣ ቤቱ ኮሪደር ላይ የምታስለው ባትሰማው… ምን ይደረጋል? እሷም ትንሽ ትታገስ። ስትሞት ይሰማታል።

ውይ ጾንካ… እስቲ መነጽርሽን አድርጊ። ያንን ገመድ አየሽው? የዚህኛውን፣ የልጄን ባል። ከማዳመጫው ይወርዳል፣ በሸሚዙ ላይ ያልፋል፣ በጉልበቱ ላይ ያልፋል… ጫፉ የት ነው የተሰካው? ሣሩ ላይ ነው አይደል? ድመቷ እየተጫወተችበት ነው። እንግዲህ የዘንድሮ ሣር ይዘፍናል ማለት ነው።

አትሳቂ፣ ይሰማሻል። ማለቴ… አይሰማሽም።

ደግሞ ያ እረፍት የማያውቅ ጭንቅላት ዛሬ እንዴት ቀጥ እንዳለ አየሽ? እንቁላል የተሸከመ ይመስላል። አይፈረድበትም። ወዲያ ቢል እሺ ይሆንበታል፤ ወደ ታች ቢል አይሆንም ይሆንበታል፤ ሩሚያና ደግሞ መስኮቱ ላይ ቆማለች። በዚህ አገር ጭንቅላት መሸከም ቀላል ነው?

ስለዚህ ለአንቺ ልንገርሽ፣ ለጎረቤቴ፣ ለሌላ ለማንም አይደለም። ያቺ አሮጊት ብዙ አትፈልግም። ስፖንጁ አይነሣ፤ እንዲያውም ለምዳዋለች። ቀን ቀን እሱ ያዳምጥበት፣ እሷ ከእኔና ከአንቺ ጋር እዚህ ትቀመጣለች። ማታ አልጋዋ ይዘርጋላት። ካሳለችም ግድግዳው ይውጥላታል፤ ለዚያ አይደል የተሠራው? በረዶው ሲቀልጥ ወደ ቤቷ ትመለሳለች። እስከዚያ… ትክረም ወይስ ትሂድ?

አንቺን ነው የጠየቅኩት። ቃሪያሽን ልጪ፣ ቀና አትበዪ፣ በጎን ብቻ እዪ።

…

አየሽ? እኔ ዓይኔ ደክሟል፤ አንቺ ንገሪኝ። ወደ ጎን ነው አይደል? ትንሽ ናት፣ ዝንብ የሚያባርር ነው የምትመስለው፤ ግን ወደ ጎን ናት። ይኸው ደገማት። አሁን ደግሞ አኮርዲዮን የለ፣ ዋልዝ የለ፤ ድመትና ሣር ነው ያለው። ሩሚያናም አየች መሰለኝ፤ ከመስኮቱ ጠፍታለች። ኮሪደሩ ላይ የጓዙን ገመድ የምትፈታ ናት… ሰማሽ?

ይባረክ። ያንን የምልሽን ሰው ማለቴ ነው፣ የሌላውን ቤት። እግዜር ዕድሜውን ያርዝምለት፤ ያንን ጆሮውን እስከ እርጅናው እንዳለ ያቆይለት። ትንሿ ልጁም አድጋ ለወግ ለማዕረግ ትብቃ፤ ከወንድ ሁሉ መርጦ ቁርጥ አባቷን የመሰለ ባል ይስጣት። እሱም አንድ ቀን ወገቡ ሲደክም፣ ዶሮዎቹን ሰጥቶ፣ በሩን ቆልፎ፣ እነሱ ዘንድ ሊከርም ይሂድ። ያም አማቹ፣ ይሄ ሰው ለአሮጊቷ የሆነላትን ሁሉ፣ አንዲት ሳያጎድል ይሁንለት። አሜን በይ እንጂ፣ ጾንካ።