አራተኛው ምዕራፍ

(ረፋድ አምስት ሰዓት፣ በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ቤተ ሙከራ፤ የፊዚክስ መምህርቷ አስካለ እና ከዘጠኝ ዓመት በፊት በዩኒቨርሲቲ አማካሪዋ የነበሩት ፕሮፌሰር ይርዳው።)

ይርዳው፦ የመመረቂያ ጽሑፍሽን አራተኛ ምዕራፍ ብቻ ስጪኝ አልኩሽ እኮ። ሌላ ምን ጠየቅኩሽ?

አስካለ፦ እሱን ምዕራፍ በቀይ እስክሪብቶ ሰርዘው የመለሱልኝ እርስዎ ነዎት። «ማግኔት እዚህ ምን ይሠራል?» ብለው ጽፈውበታል።

ይርዳው፦ ያኔ አልገባኝም ነበር።

አስካለ፦ የገባዎትን፣ ሞዴሉ ያለበትን ሦስቱን ምዕራፍ ደግሞ በስምዎ አሳተሙ። ስጮህ የዩኒቨርሲቲው ኮሚቴ ፊት ቆመው «ከእኔ ነው የገለበጠችው» አሉ።

ይርዳው፦ አስካለ፣ ስምንት ሰዓት ላይ የፊውዥን ማሽኑ፣ እንደ ፀሐይ አተም አዋህዶ ኃይል የሚያወጣው ማሽን ሰዎች በቪዲዮ ይጠብቁኛል። በሞዴላችን በውስጡ ያለውን የጋለ ጋዝ፣ የፕላዝማውን ሙቀት ለክተው ነበር። በሌላ መሣሪያ ሲለኩት ግማሹን እንኳን አልሆነም።

አስካለ፦ «ሞዴላችን»?

ይርዳው፦ በ... በሞዴሉ።

አስካለ፦ እንዴት ይገጥማል? ከጋለው ጋዝ የሚወጣው የብርሃን መስመር ሲሰፋ፣ እርስዎ ስፋቱን በሙሉ ለሙቀት ሰጡት። ማሽኑ ውስጥ ግን ማግኔት አለ። ማግኔት አንዱን መስመር ለሦስት ይከፍለዋል፤ ሦስቱ ተጠጋግተው ሲታዩ አንድ ሰፊ መስመር ይመስላሉ።

ይርዳው፦ እሱንማ ደርሼበታለሁ! የሙቀቱን ድርሻ ከማግኔቱ ድርሻ መለየት ነው ያቃተኝ። ሁለት ወር ሙሉ ሞከርኩ።

አስካለ፦ ለከዋክብትም ይሠራል ብለው ሽልማት ተቀብለውበት የለ? ከዋክብቱን ይጠይቋቸው።

ይርዳው፦ ምዕራፉ አለሽ ወይስ ጥለሽዋል?

አስካለ፦ በየክረምቱ፣ ትምህርት ቤቱ ሲዘጋ፣ እሱን ሳሻሽል ነው የኖርኩት። አልቋል።

ይርዳው፦ ስምሽን ከስሜ ቀጥሎ አስገባዋለሁ።

አስካለ፦ ቀጥሎ?

ይርዳው፦ እሺ፣ ከፊት! ምን ላድርግ፣ ልንበርከክልሽ?

አስካለ፦ እናቴ የሞተችው «ልጄ ሰርቃ ተባረረች» ብላ ነው። ያኔ ለእሷ ቢንበረከኩ ይጠቅመኝ ነበር። አሁን እዚያ ኮምፒውተሩ ጋ ይቀመጡና ኢሜይል ይጻፉ፤ ለሰዎቹም፣ ለዩኒቨርሲቲውም።

ይርዳው፦ ምን ብዬ?

አስካለ፦ የሆነውን።

ይርዳው፦ ... «የተማሪዬን የአስካለን ሥራ በስህተት በስሜ...»

አስካለ፦ «በስህተት» የሚለውን ያጥፉት።

ይርዳው፦ ምን ልበል ታዲያ?

አስካለ፦ «አውቄ» ይበሉ።

ይርዳው፦ ጡረታ ልወጣ አንድ ዓመት ነው የቀረኝ! ልጆቼ ያነቡታል።

አስካለ፦ ያንብቡት።

ይርዳው፦ እንዲህ ጨካኝ አልነበርሽም።

አስካለ፦ አልነበርኩም። ኮሚቴው ያባረረኝ ዕለት እኮ እርስዎ ቢሮ በር ላይ ቆሜ አልቅሻለሁ። ድምፄን ሰምተው ራዲዮኑን ከፍ አደረጉት። ይጨርሱ።

ይርዳው፦ ... «አውቄ በስሜ አሳትሜያለሁ። በኮሚቴ ፊትም በሐሰት መስክሬባታለሁ።» በቃ?

አስካለ፦ በቃ። ይላኩት፤ ለእኔም ግልባጭ ያድርጉልኝ።

ይርዳው፦ ይኸው፣ ተላከ። ለሁሉም። በይ ምዕራፉን!

አስካለ፦ አንዴ... ላክሁት።

ይርዳው፦ የታለ? እኔ ጋ አልደረሰም።

አስካለ፦ ለሰዎቹ ነው የላክሁት። አድራሻቸውን ከግልባጩ ላይ አገኘሁት።

ይርዳው፦ ታዲያ ስምንት ሰዓት ላይ እኔ ምን እላለሁ?

አስካለ፦ ምንም። ደብዳቤዎን ካነበቡ በኋላ የሚጠብቁት እኔን ነው።