ሦስት ጊዜ የተጻፈች ወይዘሮ

ጫማ ሰፊ ብሆንም ፊደል የቆጠርኩ ሰው ነኝ፤ ጋዜጣዬን ሳላነብ መዶሻ አላነሳም። ሱቄ ውስጥ ክርክር ከተነሳ ደግሞ አፌን ዘግቼ መቀመጥ አልችልበትም። የዚያን ሐሙስ ግን ዝም አልኩ፤ ለምን ዝም እንዳልኩ ልንገራችሁ።

ዲያቆን ኤዝራ ፔቲግሩ የእሑድ ጫማቸውን ሊወስዱ መጡ። የሰባ ስምንት ዓመት ሽማግሌ ናቸው፤ በባፕቲስት ቤተ ክርስቲያናችን የፊተኛው አግዳሚ የሳቸው ነው። ከኋላቸው ዊልሜታ ገባች። እሳቸውና ሟች ሚስታቸው ያሳደጓት የልጅ ልጃቸው ናት። በእጇ አንድ ወረቀት ይዛለች። ማዘጋጃ ቤቱ ለፖሊስነት የሚፈተኑ ሴቶችን ይመዘግብ ነበር፤ ሃያ አንድ ዓመት ያልሞላት የአሳዳጊ ፊርማ ማምጣት አለባት፤ ምዝገባው የሚዘጋው ደግሞ በዚያው ዕለት አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ነው። ልጅቷ ሳምንቱን ሙሉ ለምናቸዋለች፤ ሽማግሌው ወይ ፍንክች!

«ነግሬሻለሁ» አሏት አሁንም። «ከቤቴ ያንን ልብስ የሚለብስ ሰው አይወጣም። አስተማሪ ሁኚ፣ ነርስ ሁኚ፤ ምን ጎደለሽ?»

ይህን ብለው ሳይጨርሱ ኦፊሰር ቨርዴል ኪንቼን ከተፍ አለች። ቨርዴል በከተማችን የመጀመሪያዋ ጥቁር ሴት ፖሊስ ናት፤ ሥራውን ከያዘች አሥራ ሰባት ዓመቷ ነው። አብሮ አደጌ ስለሆነች አንቺ እላታለሁ። ደንቡ ሴት ፖሊስ ቀሚስና ባለ ተረከዝ ጫማ ታድርግ ስለሚል፣ ያንን አድርጋ ሌባ ስታባርር ኖራለች። በየሦስት ወሩ ሶሉን እቀይርላታለሁ፤ ተረከዙንም ግማሽ ጣት ያህል እቆርጥላታለሁ። አለቆቿ እስከ ዛሬ አልነቁብንም።

ጫማዋን አውልቃ ሰጠችኝና በካልሲ በርጩማው ላይ ተቀመጠች። «ደህና ዋሉ ዲያቆን?» አለች። «እግዚአብሔር ይመስገን» አሉ፣ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው። ቂማቸውን ሰፈሩ ሁሉ ያውቀዋል። ከአሥራ ሁለት ዓመት በፊት ሚስታቸው ዩላሊ መንገድ ስትሻገር የወተት መኪና ገጭቶ ዳሌዋን ሰበራትና አመለጠ። ቨርዴል ደርሳ ሪፖርት ጻፈች፤ ሾፌሩን እፈልገዋለሁ ብላ ሄደች፤ በዚያው ቀረች። ጉዳዩ ለሌላ ፖሊስ ተሰጠና መሳቢያ ውስጥ ተረሳ። ዩላሊ ከሁለት ዓመት በፊት እስክትሞት ድረስ ስታነክስ ኖረች።

ዊልሜታ ጨዋ ልጅ ብትሆንም ፈሪ አይደለችም። እኛ ካልገባንበት ማን ይገባበታል፣ እርስዎ ራስዎ ሌባ ቢገባብዎ ማንን ይጠራሉ እያለች በእርጋታ ተከራከረቻቸው። ሽማግሌው ጥቁር ፖሊስ የነጭ ፖሊስ ዱላ ያዥ ነው አሉ። ቨርዴል አልተቆጣችም። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ነጭ ወንጀለኛ መያዝ ተከልክላ እንደነበር፣ ልብሷን የምትቀይረው መጥረጊያ በሚቀመጥበት ጓዳ ውስጥ እንደነበር ሳትደብቅ ነገረቻቸው።

«እንግዲያ ምን ሠራሽ?» አሉ ዲያቆኑ። «የሚስቴን ጉዳይ ጽፈሽ የት ገባሽ?»

ቨርዴል ነገሩን ከመጀመሪያው ተናገረች። በዚያ ዘመን በጣቢያው ወረቀት ላይ ነጯ ሁሉ ወይዘሮ ተብላ ስትጻፍ፣ ጥቁር ሴት ዘጠና ዓመት ቢሞላት እንኳ እንደ ሕፃን በባዶ ስሟ ነበር የምትጻፈው። እሷ ግን «ወይዘሮ ዩላሊ ፔቲግሩ» ብላ ጻፈች። ሳጅኑ ወይዘሮ የሚለውን በቀይ እርሳስ ሰረዘና እንደገና ጻፊ አላት። እንደገና ጻፈች፤ ወይዘሮዋን ግን አልተወችም። ደግሞ ሰረዘና ወይ ቃሏን ወይ ሥራሽን ምረጪ አላት። ለሦስተኛ ጊዜም ወይዘሮ ብላ ጻፈች። በማግሥቱ ከመንገድ ጥበቃ ተነሥታ የሴቶች እስር ቤት ቁልፍ ጠባቂ ተደረገች፤ አሥራ አንድ ወር!

ሽማግሌው ፊታቸውን ከግድግዳው መለሱ። «ለአንዲት ቃል ብለሽ?» አሉ። «ቃሏን ትተሽ ሾፌሩን ብትይዢልኝ አይሻልም ነበር?»

እውነቴን ነው፣ እኔም ልጠይቃት የነበረው ይህንኑ ነው። ዝም ያልኩትም ለዚህ ነው፤ መልሱን አላውቀውም ነበርና።

«እኔም ራሴን ስጠይቅ ነው የኖርኩት» አለች። «ሌሊት እንቅልፍ ሲነሳኝ፣ አንድ እሑድ እርስዎ ስብሰባ ላይ ሳሉ ወይዘሮ ዩላሊ ዘንድ ሄጄ ይቅር ይበሉኝ አልኳቸው። ‹ሾፌሩን ብትይዢው ነገ ይለቁታል፤ የጻፍሽውን ግን ሦስት ጊዜ አንብበውታል› አሉኝ። ለኤዝራ እንዳትነግሪው ብለውም አስማሉኝ። ‹ይህን ከሰማ ጣቢያው ድረስ ሄዶ ይጣላል፤ ዳሌዬ አይበቃም፣ ባሌን ልጣ?› አሉኝ። መሐላዬን ዛሬ ያፈረስኩት ለዚህች ልጅ ስል ነው።»

ዲያቆኑ ባርኔጣቸውን አወለቁ። «ቆርቆሮው» አሉ።

መጀመሪያ አልገባንም። ነገሩ እንዲህ ነው፤ ለቤተ ክርስቲያን ማዕድ ሁሉም ሴት የየራሷን ምግብ ይዛ ስለምትመጣ፣ ዕቃ እንዳይለዋወጥ ከሥሩ ስም ይለጠፋል። ዩላሊ በዚያ ዓመት የስኳር ድንች ፓይ የሚባለውን ጣፋጭ ኬክ ከምትጋግርበት ቆርቆሮ ሥር የቀድሞውን ስም ላጠችና «ወይዘሮ ዩላሊ ፔቲግሩ» ብላ ለጠፈች። ባሏ «ቆርቆሮም ይሾማል እንዴ?» እያሉ በሰው ፊት ሲቀልዱባት ኖሩ። እሷ ፈገግ ከማለት በቀር ትንፍሽ አላለችም።

«ሳቅኩባት» አሉ። «አሥር ዓመት ሙሉ ሳቅኩባት።» እንባቸው መጣ፤ ዊልሜታ እጃቸውን ያዘች።

እንግዲህ ወገኖቼ፣ ቂም ዓይን እንደሚጋርድ ከዚህ ተማሩ። በዚያች ቃል ላይ ስንትና ስንት ሰው ከተከራከረ በኋላ ዛሬ ጣቢያው ሁሉንም ሴት በማዕረጓ ይጽፋል። ባሏ የደበደባት ሴት ለወንድ ፖሊስ የማትናገረውን ለቨርዴል ትናገራለች። የጠፋ ልጅ ልብሷን አይቶ አይሸሽም። ግን አንዲት ሴት ስንት ሰፈር ትደርሳለች? ሁለት ዓመት ቆይታ ጡረታ ስትወጣስ? የሚያሳፍረንን ቤት ደጁ ላይ ቆመን ብንረግመው አይጸዳም፤ ገብቶ የሚጠርግ ልጅ ከኛው ቤት መውጣት አለበት።

ይህን ሁሉ የተናገርኩት ለእናንተ ነው፤ በሰዓቱስ «አሥር ተኩል ሆኗል» ብቻ ነው ያልኩት።

ዲያቆኑ ብዕር ጠየቁኝና ባንኮኒዬ ላይ ጎንበስ ብለው ፈረሙ። ቨርዴል መኪናዬ ደጅ ናት ብላ ተነሣች፤ የጫማዋ ሙጫ ገና ስላልደረቀ በካልሲዋ ወጣች። ዊልሜታ ወረቀቱን ልታጥፍ ስትል ሽማግሌው ያዟት።

«ያሳደጉሽ ሰዎች በሚለው ላይ የአያትሽን ስም እንዴት ነው የጻፍሽው?»

«ዩላሊ ፔቲግሩ ብዬ ነዋ፣ አባባ።»

ብዕሩን መለሱላት። «ከፊቱ ወይዘሮ ጨምሪበት።»

«ቦታው ጠባብ ነው።»

«ከላይ አድርጊዋ። ቢሰርዙብሽም ደግመሽ ጻፊው።»