ልለካዎት ይፈቅዳሉ?

ኮቴን ላሳጥር ልብስ ስፌት ቤት ጎራ ብል አባትና ልጅ ሲከራከሩ ደረስኩ። የሰው ጠብ ቆሞ መስማት ነውር መሆኑን አላጣሁትም፤ ግን እግሬ እምቢ አለኝ።

አባትየው አርባ ዓመት መቀስ የያዙ ጨዋታ አዋቂ ሽማግሌ ናቸው፤ ልጃቸው ነርስ ናት። የጠቡ ምክንያት በዚያው ጠዋት ሥራዋን ጥላ የሄደችው የቤቱ ጎበዝ ልብስ ሰፊ ነበረች።

«ምን አደረግኳት? ሳልፍ ወገቧን ያዝ አድርጌ አይዞሽ እላታለሁ። እንደ ልጄ ነው የማያት» አሉ።

«እርስዎ እንደ ልጅ ቢያዩዋትም ገላው የእሷ ነው፣ አባባ።»

«አንድ ቀን አልወድም አላለችማ!»

«እሺስ መቼ አለች? የዕለት ጉርሷ በእርስዎ እጅ ሆኖ ምን አፍ አላት?»

እውነቱን ልናገርና እኔም በሆዴ ለሽማግሌው ሳላደላ አልቀረሁም። ስንቱን ትከሻ ሳልጠይቅ መታ መታ አድርጌያለሁ!

ነርሷ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «የመጀመሪያ ሥራዬን ለምን ተውኩ ብዬ ነበር የነገርኩዎት?»

«መንገዱ ራቀኝ ብለሽ።»

«መንገዱ አልነበረም። አለቃዬ ባለፈ ቁጥር ወገቤን ይይዝ ነበር። እሱም ልጄ ነበር የሚለኝ። ስድስት ወር ግድግዳ ታክኬ ሄድኩ። ለእርስዎ እንኳ መናገር አፈርኩ።»

«ያን ሰውዬ አግኝቼው ቢሆን እጁን…» ብለው ጀመሩና አልጨረሱትም። የገዛ እጃቸውን አዩ።

ኋላ እንደሰማሁት፣ ሽማግሌው በማግስቱ ሰፊዋ ቤት ሄደው ከደጅ እንደቆሙ፣ «ሳልጠይቅሽ ነክቼሻለሁ፤ በድዬሻለሁ። ከእንግዲህ እጄ አይደርስብሽም። መመለስ አለመመለሱ ያንቺ ፈንታ ነው» አሏት። ሳምንት አስባ፣ የስፌት መኪናዋ በሩ አጠገብ እንዲሆን ጠይቃ ተመለሰች።

ኮቴን ልወስድ ስሄድ ሽማግሌው ሜትር ይዘው፣ የሃያ ዓመት ደንበኛቸው የሆኑትን እመቤት፣ «ልለካዎት ይፈቅዳሉ? ወይስ ሰፊዋ ትለካዎት?» ሲሉ ሰማሁ።

ሴትዮዋ ሳቅ አሉ። «እሷ ትለካኝ። እግዜር ይስጥልኝ፣ ጋሼ፤ እስከ ዛሬ እጅዎ ሲጠጋኝ ሆዴን ሰብስቤ፣ ትንፋሼን ይዤ ነበር የምቆመው።»

«ለካ ለዚህ ኖሯል የሰፋሁልዎት ቀሚስ ሁሉ የሚጠብብዎት!» አሉ ሽማግሌው፤ ወዲያው ግን አንገታቸውን ደፉ። «ይቅር ይበሉኝ። ልጄን ያኑርልኝ፤ እሷ ባትነግረኝ ሳላውቀው እሞት ነበር።»

ፈቃድ መጠየቅ የጠያቂውን ክብር አይቀንስም። ሠራተኛ ያለ ስጋት ትሠራለች፣ ደንበኛ ደስ ብሎት ይመለሳል፣ ልጅም ለአባቷ እውነቱን ትነግራለች። ሰፊዋ ሜትሩን ስትዘረጋ ሴትዮዋ ሃያ ዓመት የያዙትን ትንፋሽ ለቀቁት፤ ቀሚሱም በልካቸው ተሰፋ።