ዓለምነሽ የነፍስ አባቷን ተማሪ ያደረገች ጊዜ

በእኛ ጊዜማ ልጅን ሃይማኖት የሚያስተምረው አለንጋ ነበር። አትሳቁ፣ እውነቴን ነው። የኔታ ፊት ተቀምጠን «አባታችን ሆይ» ስንል ቃል የዘለለ ልጅ ጀርባው ይጠየቅ ነበር፣ እና ጸሎቱን ያወቅነው እግዚአብሔርን ወድደን ሳይሆን የኔታን ፈርተን ነው። እኔም ቅስና ተቀብዬ ጢሜ እስኪሸብት ድረስ ልጅ የሚያድገው እንዲሁ ይመስለኝ ነበር። ታዲያ ይኼን ሐሳቤን ያስጣለችኝ አንዲት የፋብሪካ ሠራተኛ ናት፤ ዓለምነሽ ትባላለች፣ እዚሁ ሹም አቦ ሰፈር የምትኖር የንስሐ ልጄ።

ባሏ የጭነት መኪና ሹፌር ነው፣ ዛሬ መተማ ነገ ሞጣ፣ እቤቱ የሚውልበት ቀን የለም። እሷ በፈረቃ ትሠራለች። ሁለት ወንዶችና አንዲት ሴት ልጅ አሏት፣ ሴቷ የመጨረሻዋ ናት፣ ፍሬ ትባላለች። ፍሬን በሁለት ዓመቷ ብርቱ ትኩሳት ያዛት፣ እና ነፍሷ ተረፈች፣ ጆሮዋ ግን ቀረ። ጆሮ ካልሰማ ደግሞ አፍም አይፈታ።

አንድ ቀን ታዲያ ጠበል ልረጭላቸው ሄድሁ። ስገባ ለጸሎት ቆመዋል። ወንዶቹ «አባታችን ሆይ» ይላሉ፣ ፍሬ ከመካከላቸው ቆማ እጇን ታወናጭፋለች፤ ወደ ላይ ታነሣለች፣ ወደ አፏ ትወስዳለች፣ መዳፏን በመዳፏ ትጠርጋለች። እኔም ቱግ አልሁ! «ምነው አንቺ ልጅ! በጸሎት ሰዓት ጨዋታ አለ? እጅሽን ሰብስቢ!» ብዬ እጇን ያዝሁት። ቃሌን አልሰማች፣ ፊቴን ግን አየች፣ እና እንደ ድንጋይ ደርቃ ቀረች።

ዓለምነሽ አልጮኸችም። ቀስ ብላ፣ «አባ፣ እየጸለየች ነው እኮ» አለችኝ።

«በምኗ?»

«በእጇ ነዋ። እርስዎ አሁን የያዙት አፏን ነው።»

ኧረ ልጆቼ! የምገባበት ጠፋኝ።

ለካ ይቺ ሴት ስታስተምራት ኖራለች። ቅዳሜ ጠዋት ከፈረቃ ወጥታ፣ እንቅልፍ ባይኗ ሳይዞር፣ የምልክት ቋንቋ ከሚያስተምሩበት ትሄዳለች። ሌላው ሰው ዳቦና ውኃ የሚባልበትን ይማራል፣ እሷ ግን «ይቅርታ እንዴት ይባላል? ፈተናስ? ምሕረትስ?» እያለች አስተማሪዋን መድረሻ ታሳጣለች። አስተማሪዋ የማታውቀውን ደግሞ እናትና ልጅ እቤት ተቀምጠው ራሳቸው ያበጁታል። ያ መዳፍ በመዳፍ መጥረግ «በደላችንን ይቅር በለን» ማለት ኖሯል። እኔ ነኝ እንግዲህ ያን የከለከልሁ!

ከዚያ ወዲህ ፍሬ ስምንት ዓመት ሞላት፣ እና ፍልሰታ ሊገባ ሁለት ሦስት ወር ሲቀረው ዓለምነሽ ወደ እኔ መጣች።

«አባ፣ እንግዲህ ፍሬም እንደ ወንድሞቿ ተናዝዛ ትቁረብ።»

«ልጄ፣ የእሷንማ ልብ እግዚአብሔር ያውቀዋል፣ እንዲሁ ትቁረብ» አልኋት። ቸር የሆንሁ መስሎኝ ነው!

«የወንድሞቿንስ ልብ አያውቅም?»

«ያውቃል እንጂ።»

«ታዲያ እነሱን ለምን ያናዝዟቸዋል?»

«በይ እንግዲያ አንቺ መካከል ቆመሽ አስተርጉሚልኝ» አልሁ።

«የበደለችው እኔን የሆነ እንደሁስ? ለነፍስ አባቷ ብቻ የምትነግረው አይኖራትም? አባ፣ ድፍረት አይሁንብኝና፣ እርስዎ ይማሩ።»

«እኔ? በዚህ ዕድሜዬ? ቅኔ ቤት ስንት ዓመት ቁራሽ ለምኜ የተማርሁ ሰው፣ አሁን ከሕፃናት ጋር እጄን ላወናጭፍ?» ብዬ ተቆጥቼ ሸኘኋት።

እሷን ሸኘሁ እንጂ ቃሏ አልሄደልኝም። ቅዳሴ ቆሜ የዚያች ልጅ ፊት ይመጣብኛል፣ ያ የደረቀው ፊቷ። ታዲያ ቅዳሜ ሲሆን ጥምጥሜን አሰርሁና ሄድሁ። አስተማሪዋ «አባ፣ ሰው ፈልገው ነው?» አለችኝ። «የለም፣ ልማር ነው» አልኋት። ከሁሉ ኋላ ተቀመጥሁ። ጣቴ ቁርጥማት አለበት፣ እጠፍ ቢሉት አይታጠፍ፣ ተዘርጋ ቢሉት አይዘረጋ። እቤታቸው ስሄድ ደግሞ ፍሬ ታስጠናኛለች፤ ስሳሳት ጣቴን አንድ በአንድ ይዛ ታቃናልኛለች፣ እንደ የኔታ አለንጋ አላነሣችብኝም። አንድ ቀን «ሰላም ላንቺ ይሁን» ያልሁ መስሎኝ «ዓሣ ላንቺ ይሁን» ብያት፣ ሆዷን ይዛ ተንከባለለች። አብሮኝ የሚቀድሰው ቄስማ «መምሬ በስተርጅና በጣት እስክስታ ጀመሩ» እያለ መሳቂያ አደረገኝ። ይሳቅ!

ፍልሰታ ገባ። ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውስጥ፣ ሐይቁ ከሚታይበት ዋርካ ሥር ተቀመጥሁ። ፍሬ ነጠላዋን አጣፍታ መጥታ ፊቴ ቆመች። ዓለምነሽ ራቅ አለች፣ እና መራቋ በቃ መሰለኝ። እሷ ግን ፊቷን ወደ ሐይቁ፣ ጀርባዋን ወደ እኛ አዞረች። ገባችሁ? የእናንተ ንስሐ በሹክሹክታ ነው፣ ራቅ ያለ ሰው አይሰማውም። የእጅ ነገር ግን ከሩቅም ይነበባል፣ እና ያን እጅ ደግሞ ከእሷ በላይ የሚያነብ የለም። ብዙ ቆየን፤ እኔ ዘገምተኛ ነኝ፣ «ድገሚልኝ፣ እንደገና» እያልሁ። ልጅቷ መካከል ላይ አለቀሰች፣ ሲቃዋም ይሰማል። የእናት ጆሮ እንዴት አይሰማው? የዓለምነሽ ትከሻ ሲንቀጠቀጥ አየሁ። አንገቷ ግን አልዞረም፣ ልጆቼ፣ አልዞረም!

በእጄ «እግዚአብሔር ይፍታሽ» አልኋት፣ መስቀል አሳለምኋት። ሮጣ ሄዳ የእናቷን ቀሚስ ስትጎትት ነው ዓለምነሽ ወደ እኛ የዞረችው። በማግሥቱ ፍሬ ከወንድሞቿ ጋር ቆረበች። ዛሬ እንደ እሷ ያሉ ልጆች ከወረታ ሳይቀር እናቶቻቸው ይዘዋቸው ይመጣሉ፣ ጣቴም እያቃሰተ ይታዘዝልኛል።

እኔ ስንቱን ልጅ ቃል አስጠናሁ። ዓለምነሽ ግን ልጇን ከአምላኳ ፊት አድርሳ እሷ ዘወር አለች። ልጅን በሃይማኖት ማሳደግ ብዬ የማምነው ይኼን ነው፣ ከዚህ የሚበልጥ አላየሁም።

«አባ» አለች ከበው ሲያዳምጧቸው ከነበሩት የሰንበት ተማሪዎች አንዷ፣ «ግን ፍሬ ምን ብላ ተናዘዘች?»

«ኧረ ይቺን ጉድ እዩልኝ! እናቷ ጀርባዋን አዙራ ያላየችውን ለአንቺ ልንገር? ሂጂ ወዲያ!» ብለው መምሬ እስኪያስላቸው ድረስ ሳቁ።