ፊትሽን አትንኪ

ደሜ፣ ዛሬ ምን ነካህ? ድፎው ተቆርሶ፣ ለስላሳው ተከፍቶ፣ አንተ እስካሁን አልመጣህም። ለሥራ እንጂ ለድፎ አርፍደህ አታውቅም ነበር። ምስጋናው ንግግር ሊያደርግ ነው ብትባል መቼም አታምንም፤ “ክፍል ውስጥ ስሙ ሲጠራ አቤት ለማለት የሚያልበው ልጅ?” ትል ነበር። ይኸው ቆሜያለሁ። እንደ ልማድህ ከኋላ ሆነህ እየሳልክ እንዳታስቀኝ። ቆይ፣ መጀመሪያ እነሱን ላመስግን።

ክቡራትና ክቡራን፤ ዶክተር ምሥራቅ፤ ጀነት፤ ጋሽ አንሙት፤ ሌሎቻችሁም። ከትምህርት መልስ በዚህ የቆዳ ክሊኒክ ካርድ ሲያወጣ ለኖረ ተማሪ ይህን ያህል ወንበር ደርድራችሁ ስለምትሸኙኝ አመሰግናለሁ። ስገባ የወንበሩን ብዛት አይቼ፣ ጡረታ የሚወጣ ትልቅ ሰው ከኋላዬ ያለ መስሎኝ ዞሬ ነበር።

ስንብቱ ግማሹ የወንድሜ የነርስ ደመላሽ እንደሆነ አውቃለሁ። እሱ ሳይሰናበታችሁ ነው የሄደው። በግንቦት፣ እሑድ ቀን፣ ከደጀን ሲመለስ የተሳፈረበት መኪና ተገለበጠ። ሰኞ ጠዋት የቀጠራቸው ሰዎች በር ላይ ቆመው ጠበቁት። ስለዚህ ዛሬ የሁለት ሰው ንግግር በአንድ አፍ ትሰማላችሁና ታገሡኝ።

እዚህ ቤት ማን እንደሚመጣ ለእናንተ አልነግርም። ማድያት የወጣባት፣ ብጉር ጥቁር ምልክት የተወበት፣ ከገበያ በገዛው ቅባት ፊቱን አቃጥሎ የዥጎረጎረ፣ ሁሉም ይመጣል። ሁሉም የሚጠይቀው ደግሞ አንድ ነገር ነው፤ ጠንካራውን ስጡኝ። ሠርጓ የደረሰባት አንዲት ሙሽራ ከጉንደ ወይን መጥታ፣ በአንድ ቀን የሚልጠውን ካልቀባኸኝ ብላ ደመላሽን እንዴት እንዳስጨነቀችው ጀነት ታስታውሳለች። “የእኛ ቆዳ ቂመኛ ነው” አላት። “ካስቆጣሽው ይጠቁርብሻል። ቀስ ብለሽ ለምኚው።” ሙሽራዋ ለምና የምታውቅ አልነበረችምና ተነሥታ ሄደች።

ጋሽ አንሙትስ? አንድ ጉንጫቸው ብቻ ጠቁሮባቸው ምን ልቀባ ቢሉት፣ ትንሽ አሰበና “ወንበርዎን ያዙሩ” አላቸው። ለካ ይህን ሁሉ ዓመት በር ሲጠብቁ የጠዋት ፀሐይ በአንድ ጎን ብቻ ነበር የሚያገኛቸው። አዞሩት። አሁን ሌላኛውም ጉንጭ ስለደረሰበት እኩል ሆነዋል።

ግን ደመላሽ ከሁሉም በላይ የለፋበት ፊት የእማዬ ነው።

አባታችን የሞተ ጊዜ እማዬ በአገራችን ወግ ፊቷን ነጨች። ቁስሉ ዳነ፤ ጥቁሩ ግን ቀረ። በሁለቱም ጉንጮቿ ላይ ጣቶቿ የሄዱበት መንገድ ይታይ ነበር። በትውልድ ቀያችን በአምበር ገበያ ላይ ያ ፊት እንደ ምስክር ወረቀት ነው፤ ለማያውቋት ሰዎች “ባሏን እንዲህ ሆና ያለቀሰች” እያሉ ያሳዩዋታል። ጤፍ ስትሸጥ እንኳ ብዙ አይከራከሯትም። ደብተሬ የተገዛው በዚያ ፊት ነው ብል ማጋነን አይሆንም። ደመላሽ ግን ማየት አልቻለም።

ነይና በፒሊንግ፣ ቆዳ በሚልጠው ቅባት፣ እናንሣልሽ ሲላት፣ ባሏን አጥባ ጣለችው ይሉኛል አለችው። ለወራት ተከራከሩ። ያሸነፋት አንድ ቀን ሳያስበው በተናገረው ነው።

“እማዬ፣ አባዬ ያገባው ይህን ፊት አይደለም። ቢመጣ በምን ያውቅሻል?”

በማግስቱ በመጀመሪያው መኪና መጣች።

ደመላሽ የቅባቶቹን ሦስት ጠርሙሶች ፊት ለፊቷ ደረደረላት። ዶክተር ምሥራቅ ነበሩ፤ እኔም ካርዷን ይዤ ቆሜያለሁ። እማዬ መመላለስ ስላልፈለገች እንደ ሙሽራዋ ጠንካራውን መረጠች። ዶክተር ያኛው ወደ ውስጥ ጠልቆ እንደሚገባ፣ በእኛ ዓይነት ቆዳ ላይ አንዱን ጥቁር አጠፋለሁ ብሎ ሌላ ሊተክል እንደሚችል አስረዷት። ደመላሽ ሁለተኛውን አነሣ፤ ላክቲክ አሲድ ይባላል፣ ለስለስ ያለ ነው። ከምን ይሠራል ብላ ጠየቀችው። እዚህ ላይ ወንድሜ ዝም ቢል ምን ነበረበት? መጀመሪያ የተገኘው ከወተት ነው አላት። ያውም በዐቢይ ጾም።

“በሁዳዴ ፊቴን ወተት ልቀባ?” አለች እማዬ፣ ነጠላዋን እየሰበሰበች።

“አትጠጪውም እኮ፣ እማዬ።”

“ፊቴ ተቀብቶ አፌ የት ሊሄድ ነው?”

ዶክተር ወደ መስኮቱ ዞረው ሳሉ። ሳል እንዳልነበረ ሁላችንም እናውቃለን። በመጨረሻ ሦስተኛው መጣ፤ ማንደሊክ አሲድ፤ ከመራራ ለውዝ ነው ተባለ። እማዬ ለውዝ የጾም መሆኑን አረጋገጠችና ተመልሳ ተቀመጠች። ለጠይም ቆዳ ከሦስቱ የሚሻለው እሱ ነበር፤ ቀስ ብሎ ይገባል፣ ቆዳውን አያስቆጣም። ደመላሽም ከመጀመሪያው ያሰበላት ያንኑ ነው። ይኸውና፣ ሕክምና ያላሳመናትን ጾም አሳመናት። ከጆሮዋ ኋላ ትንሽ ተሞከረ፤ ደህና ሆነ፤ ተጀመረ።

ጾሙ ተፈታ፤ እሷ ግን መመላለሷን አልተወችም። ቡና ይመስል የነበረው ጥቁረት ሻይ መሰለ፤ ሻዩም ቀጠነ። በሸኛት ቁጥር ደመላሽ የሚላት አንድ ነው፤ ልጣጩ ተነሥቶ እስኪያልቅ፣ ቢያሳክክሽም፣ ምንም ነገር ቢመጣ፣ ፊትሽን አትንኪ። የመጨረሻውን የቀባት ሐሙስ ዕለት ነው። እሑድ ደግሞ የነገርኳችሁ ሆነ።

ቀብሩ አምበር ነበር። አገሩ ሁሉ የእማዬን እጅ ያያል። ለባሏ እንዲያ የሆነች ሴት ለልጇ ምን ልትሆን ነው? እጆቿ ተነሡ። እስከ ጉንጮቿ ድረስ መጡ። ቆሙ። ከዚያ ወረዱና ነጠላዋ ሥር ገቡ። አክስቴ ሥራነሽ ጠጋ ብላ “ምነው የኔአለም?” ስትላት፣ እማዬ የመለሰችውን አጠገቧ ስለነበርኩ ሰማሁ።

“ልጄ አትንኪ ብሎኛል።”

ከዚያ በኋላ የተወራውን መገመት ትችላላችሁ። ለፊቷ ሳስታ ነው ተባለ። ከተማ ለምዳ ነው ተባለ። ጎረቤታችን ወለተ ሐዋርያት፣ ክፉ ሰው እንኳ አይደለችም፣ ልጅ የሞተባት አትመስልም አለች። እኔ ግን ነጠላው ሥር ሁለቱ እጆች ሲታገሉ አይቻለሁ። ከዚያ የባሰ ለቅሶ ድንኳኑ ውስጥ አልነበረም። እኔም በወጉ ጢሜን ላሳድግለት አስቤ ነበር፤ ጢም አልተገኘም።

ለትምህርት ስመለስ መኪናው ድረስ ሸኘችኝ። በሩ ሊዘጋ ሲል እጄን ያዘችኝ።

“ምስጋናው፣ ልጣጩ አለቀ እኮ። ሐኪሟን ጠይቅልኝ። ካለቀ ትፍቀድልኝ። ልጄን በወጉ አላለቀስኩትም።”

ፊቷን አየሁት። እውነቷን ነው፤ አልቋል። ጥርት ብሏል። የደመላሽ የመጨረሻ ሥራ እሱ ነው፤ ከዚያ ወዲያ ሌላ የለውም።

የምለቃችሁ ለዚህ ነው። በመስከረም ትምህርቴን አምበር እቀጥላለሁ። ውጤትህ እንዳይቀንስ ብላችሁ የመከራችሁኝን አመሰግናለሁ። ውጤት ቢቀንስ ይጠናል። አዲስ ቆዳ ከተነጨ ግን ከፊተኛው የባሰ እንደሚጠቁር የነገሩን ዶክተር ራሳቸው ናቸው። እማዬ እጇን ብቻዋን እንድትጠብቀው ልተዋት አልችልም።

ለስጦታ ምን እንደምፈልግ ስትጠይቁኝ ነበር። አንድ ነገር ብቻ ነው። እናቴ ብትደውል ወይም ብትመጣ፣ ካርዷን አውጡ፣ ረጅም ጊዜ ያነበባችሁ ምሰሉ፣ ከዚያ “ገና ነው” በሏት። ዶክተር፣ ውሸት እንደማይወዱ አውቃለሁ። ግን ገና እኮ ነው።

ዶክተር፣ እጅዎ አይዛልብዎ። ጀነት፣ አንቺንም ልጆችሽንም አላህ በጤና ያቆያችሁ። ጋሽ አንሙት፣ በዚህ በር የሚወጣውን ሁሉ በሰላም ሲመለስ ለማየት ያብቃዎት። ሌሎቻችሁም፣ ሰኞ ጠዋት የምትጠብቁት ሰው አይቅርባችሁ። የምትቀቡት ፊት ሁሉ እየጠራ፣ የእናንተም ሳይጠቁር፣ ለከርሞ ፈጣሪ ያገናኘን።

ደሜ፣ ለአንተ አንድ ነገር ነግሬህ ልቀመጥ። ከአምበር በተመለስኩ ማግስት ቤታችን ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ብቻዬን ነቃሁ። ወደ አልጋህ ላለማየት ግድግዳውን እያየሁ ተነሣሁ። ፊቴን ሳልታጠብ ስልኩ ጮኸ። እማዬ ነበረች። እንዴት አደርክ እንኳ ሳትለኝ ሐኪሟ ምን አለች ብላ ጠየቀችኝ። ክሊኒኩ ገና አልተከፈተም፤ ማንንም አልጠየቅኩም።

“ገና ነው ብለዋል” አልኳት።

“እሱስ ቢኖር እንዲህ ይል ነበር?” አለችኝ።

“እሱማ ከዚህም ያስረዝመው ነበር።”

“እሺ” አለች። “እጠብቃለሁ።”

ስልኩ ተዘጋ። ታጠብኩ፤ ዩኒፎርሜን ለበስኩ፤ በሩን ቆለፍኩ። ለነገ ጠዋት የምነግራትን እያዘጋጀሁ ወደ ትምህርት ቤት ሄድኩ።