የማይወርደው መስኮት

ባቲ፣ ረፋድ ላይ፤ ሾፌሩ ኑርዬ በመኪና ኤሌክትሪክ ሠሪው በእንድሪስ ሱቅ ደጃፍ፣ ከአሮጌ የመስክ መኪናው የኋላ በር አጠገብ ቆሟል።

ኑርዬ፦ ይውረድልኝ አላልኩም እኮ፣ ጋሽ እንድሪስ! ግማሽ ላይ ቆሞ አቧራ አስገባብኝ። ወደ ላይ ይሳቡትና እዚያው ይቸንክሩልኝ።

እንድሪስ፦ መስኮት ሲሠራ ሊወጣም ሊወርድም ነው። ደግሞ መዲናዬን መኪና ያስመልሳታል። በዚያ በአፋር ሙቀት መስታወት ተዘግቶባት ምን ልትሆን ነው?

ኑርዬ፦ ፌስታል እሰጣታለሁ።

እንድሪስ፦ ፌስታል! አንድ ልጄን ጅዳ አድርስልኝ ብዬ አደራ የሰጠሁህ ሰው፣ ፌስታል ትለኛለህ? የሰው ሥራ ሁሉ ትቼ አንተን ያስቀደምኩት እሷ የምትቀመጥበት መስኮት ስለሆነ ነው።

ኑርዬ፦ እሺ፣ እንዳሉ። ግን ከበሩ የሚወጣውን ሁሉ እዚህ ጨርቅ ላይ ይደርድሩልኝ፤ አንዲት ብሎን ሳትቀር። አንዴ አንዱ ደህናውን ሞተር አውጥቶ የሞተ ገጥሞልኛል።

እንድሪስ፦ ቁም እንግዲህ፣ ቆመህ ቁጠር። ሁሉም ሾፌር እንደዚያ ነው፤ እኔም ለምጄዋለሁ። ሞተሩን ሞክሬዋለሁ፣ ጤነኛ ነው። መስታወቱን የያዘው ሌላ ነገር ነው። ባትሪውንም ፈትቼዋለሁ፣ በር ስከፍት ልማዴ ነው... መዲና ግን የት ቀረች? ማታ ከተጓዦቹ ጋር ትደር ብለህ ወሰድካት፤ ከሱብሂ ጀምሮ ስደውል ስልኳ ዝግ ነው።

ኑርዬ፦ ባትሪ ጨርሳ ነው። ልጆቹ ዕቃ እየሸከፉ ነው። ከዙህር በኋላ እዚሁ መጥታ ትሰናበትዎታለች፣ አብሽሩ።

እንድሪስ፦ ቴምር ገዝቼላታለሁ። መንገድ ላይ ሆዷ ውስጥ የሚቆየው እሱ ብቻ ነው... እህ! ና እስቲ፣ ይኼን እየው።

ኑርዬ፦ ምኑን?

እንድሪስ፦ የመስኮቱ ማብሪያ ገመድ በምላጭ ተቆርጧል። ከዚያ በናስትሮ ተጠቅልሏል።

ኑርዬ፦ ስገዛውም እንደዚያው ነበር።

እንድሪስ፦ ናስትሮው አዲስ ነው፣ ሙጫው እጄ ላይ ይጣበቃል። ያኛው በርም ቅድም ስነካው አልሠራም። አንተ ብቻ ከፊት እንድታዘው፣ ከኋላ የተቀመጠ ሰው እንዳይከፍት ነው የተቆረጠው።

ኑርዬ፦ ሴቶቹ ናቸዋ። በረሃ ላይ መስኮት ከፍተው ይጮሃሉ።

እንድሪስ፦ ለምን ይጮሃሉ?

ኑርዬ፦ ሙቀቱ ነዋ! ጋሽ እንድሪስ፣ ደግሞ እርስዎ ይፈሩኛል? የይማምን ልጅ፣ ሰሚራን፣ አላደረስኳትም? ይኸው ጅዳ ገብታ ለአባቷ ትደውላለች።

እንድሪስ፦ ይማም “ደወለች” ብሎኝ አያውቅም። “ኑርዬ ደህና ናት አለኝ” ነው የሚለው። ስፌት መኪናው ይሰማህ የለ? ማዶ ተቀምጦ ለዒድ የሚልክላትን ቀሚስ እየሰፋ ነው። ከሄደች ሁለት ወር ሆነ፣ አድራሻዋን ግን አልሰጠኸውም።

ኑርዬ፦ እሰጠዋለሁ አልኩ እኮ። አሁን ይፍጠኑ፣ መሸብኝ።

እንድሪስ፦ በዚህ ረፋድ? ፒንሳዋን አቀብለኝ። የመስታወቱ ማንሻ ላይ የተጠመጠመ ነገር አለ... ና ውጣ... ሻሽ ነው።

ኑርዬ፦ ይጣሉት።

እንድሪስ፦ የወጣው ሁሉ ጨርቁ ላይ ይደርደር ያልከው አንተ ነህ። ጫፉ ላይ ደግሞ የተቋጠረ ነገር አለ።

ኑርዬ፦ አይፍቱት፣ ጋሽ እንድሪስ!

እንድሪስ፦ መታወቂያ። ሰሚራ ይማም።

ኑርዬ፦ ወድቆባት ይሆናላ።

እንድሪስ፦ ተቋጥሮ ይወድቃል? ወረቀትም አለ። በዓይን ኩል ነው የተጻፈው... “ጋሽ እንድሪስ” ይላል። ያረቢ! ለእኔ ነው።

ኑርዬ፦ ለእርስዎ ደግሞ በምን ሒሳብ?

እንድሪስ፦ ሦስት ዓመት እዚህ ደጃፍ ላይ ቆሎ ሸጣለች። ከየመኪናው በር ውስጥ ጉትቻና ቁልፍ ሳወጣ ቁጭ ብላ ትስቅብኝ ነበር። መስታወቱ ከተያዘ መኪናው ዞሮ ዞሮ እኔ እጅ እንደሚገባ ታውቃለች። አውቃ ነው ሻሿን በመስታወቱ ሥር የሰደደችው!

ኑርዬ፦ ይስጡኝ።

እንድሪስ፦ “ውኃ ከለከሉን። አብራን የተጓዘችው ዘሃራ እጄ ላይ ሞተች። እኛን ለሌሎች ሰዎች ሊሰጡን ነው። መዲናን እንዳይልኳት። ለአባዬ ይንገሩት።”

ኑርዬ፦ ድምፅህን ቀንስ።

እንድሪስ፦ አልቀንስም! መዲና እዚህ መኪና ውስጥ እግሯን አታስገባም።

ኑርዬ፦ እንደማታስገባማ አውቃለሁ። ሁለት መኪና ነን። እሷ በፊተኛው ሄዳለች፣ ሳይነጋ።

እንድሪስ፦ ...ዕቃ እየሸከፈች ነው አላልከኝም?

ኑርዬ፦ ይሄኔ ሚሌን አልፈዋል። ሾፌሩ የእኔን ስልክ ነው የሚጠብቀው። ወረቀቱን ስጠኝ፣ በሩን ግጠም፣ ልሂድ። ዝም ካልክ መስኮት ዳር ትቀመጣለች፣ ውኃም ታገኛለች። ካወራህ ግን እኔ የለሁበትም።

እንድሪስ፦ እባክህ ኑርዬ፣ አንድ ልጅ ናት ያለችኝ።

ኑርዬ፦ ለዚህ እኮ ነው የምመክርህ። በል፣ ባትሪውን ግጠም... የባትሪው ብሎን የታለች? ጨርቁ ላይ የለችም።

እንድሪስ፦ ኪሴ ውስጥ ናት።

ኑርዬ፦ አምጣት።

እንድሪስ፦ ፈራሁ፤ ወላሂ ፈርቻለሁ። ግን ዛሬ ዝም ብዬ ብሸኝህ ነገ አንተ “ደህና ናት” ትለኛለህ፣ እኔም እንደ ይማም ቀሚስ አሰፋለሁ። ስልኩን የያዝከው አንተ ነህ፤ ያለዚች ብሎን ደግሞ የትም አትሄድም። ደውልና ፊተኛው መኪና ይመለስ።

ኑርዬ፦ አንተ ሽማግሌ፣ ብቻህን ነህ። ማን ያስደውለኛል?

እንድሪስ፦ ይማም! ስፌቱን ተውና ና! ሰሚራ ጽፋለች! መቀሱን እንደያዝክ ና!