የቦይለር ክፍሉ መግቢያ

እባካችሁ ወንበር መጎተት ይቁም። ዘግይቶ ለሚገባ ሰው ከመጀመሪያው አልደግምም። ጋሽ ገብረጻድቅ፣ አንተም ከአሁኑ አትሳቅ፤ በዚህ ሽኝትህ የምትሰማው የራስህን ጉድ ነው።

ይህ ሰው ከአንኮበር መጥቶ እዚህ ፋብሪካ ሥራ የጀመረው በኅዳር ነው። የደብረ ብርሃንን የኅዳር ውርጭ ታውቁታላችሁ። ሥራ በጀመረበት ማለዳ ወደ ሱፍ ማጠቢያው የሚሄደው ቧንቧ በረዶ ሆኖ አድሯል። እኔ ከዩኒቨርሲቲ በወጣሁ በዓመቱ ነበር፤ ቆሜ ብረት በብርድና በሙቀት ምን እንደሚሆን አስረዳለሁ። የያኔው ሥራ አስኪያጅ አዲስ ካፖርት ለብሶ ያዳምጠኛል። አዲሱ ሠራተኛ ማንንም ሳይጠይቅ የፈላ ውሃ በባልዲ አምጥቶ ቧንቧው ላይ ገለበጠው። ቧንቧው ፈነዳ። እኔም፣ ሥራ አስኪያጁም፣ ካፖርቱም በሰበስን። ባለ ባልዲው ግን ጮኸ፦

«ተመስገን! ውሃውስ አለ!»

ይባረራል ብዬ ነበር። ጭራሽ የፋብሪካውን ውሃ የሚያፈላውን ቦይለር ሰጡት።

በዚህ ግቢ ሰው እጁን የሚያሞቅበት ቦታ ያ የቦይለር ክፍል ብቻ ነው። ጋሽ ገብረጻድቅም በሩ ላይ ቀረጥ ጣለበት። ሊሞቅ የመጣ ሁሉ፣ የዚያን ቀን ተመስገን ያሰኘውን አንድ ነገር ሳይናገር አይገባም። «ጤና ሰጥቶኛል» ያለ ይመለሳል። «እሱ የሁሉም ነው፤ የራስህን አምጣ!» ይባላል። አሰገደች ከክር ክፍል መጥታ «ባሌ ትናንት አላንኮራፋም» ብላ ገባች። ሹፌራችን ባየው «ከደብረ ሲና ጭኜ ጣርማበርን ስወጣ ራዲያተሬ አልፈላም» አለና ምድጃው አጠገብ ወንበር ተሰጠው።

እኔ አልከፍልም ነበር።

«ኢንጂነር፣ የዛሬውንስ?»

«ደመወዝ ዘግይቷል፣ መብራት ጠፍቷል፣ መለዋወጫ የለም።»

«እሱማ የኔም ነው። ያንተን ንገረኝ።»

«የለኝም።»

«እንግዲያው ደጅ ቁም።»

ቆምኩ። የጥገና ኃላፊው፣ በገዛ ፋብሪካው፣ ውርጭ ላይ። እያለፋችሁ ትስቁብኝ ነበር፤ አይቻችኋለሁ።

እውነቱን ለመናገር ተመስገን የሚለው ቃል ያበሽቀኛል። የጎደለን ነገር ሁሉ መክደኛ አድርገነዋል። ውሃ ሲጠፋ ተመስገን በሉ፤ ሰው ሲሞት የባሰ አታምጣ በሉ። ጋሽ ገብረጻድቅ፣ አንተንም ከእነዚህ ከሚሸፋፍኑት ቆጥሬህ ነበር። ቦይለሩ እንዳይፈነዳ እንፋሎቱን የሚያስተነፍሰው ሴፍቲ ቫልቭ የተበላሸ ዕለት ግን አየሁህ። እሳቱን አጥፍተህ፣ ፋብሪካውን አቁመህ፣ ቁልፉን ኪስህ ከተትክ። ሥራ አስኪያጁ እየሮጠ መጣ።

«ገብረጻድቅ፣ አንተ ተመስገን ባይ አልነበርክም እንዴ? እስቲ ለዛሬ ታገሥ!»

«እግዜርንማ አመሰግናለሁ ጌታዬ። ቫልቩን የምትገዙት ግን እናንተ ናችሁ።»

ቫልቩ ተገዛ። ዛሬ እዚህ በሙሉ አካላችን የተቀመጥነው ምናልባት በዚያ ቀን ምክንያት ነው።

ሳቁ እዚህ ላይ ይብቃ።

ባለቤቴን ብርቱካንን ታውቋታላችሁ። ካቻምና መብራት በሚጠፋባቸው ወራት ታማ ተኛች። ብርዱ አጥንቷ ድረስ ይገባል። ሳንባዋ ስለተጎዳ ከሰል ቤት ውስጥ ማቀጣጠል አይቻልም። ለማንም አልተናገርኩም፤ መናገር አልወድም። አንድ ቀን ከሥራ ስወጣ መኪናዬ በር ሥር በሱፍ ጥራጊ የተጠቀለለ ጀሪካን አገኘሁ። ሙቅ ውሃ ነበር። ማን እንዳስቀመጠው አልጠየቅኩም፤ በዚህ ግቢ ሙቅ ውሃ ያለው አንድ ሰው ብቻ ነው። ቤት ደርሼ ሱፉን ስፈታው ገና ይተናል። እግሯን የማጥብላት በዚያ ነበር። ዓይኗን ጨፍና «አሁን ገና ሰው ሆንኩ» ትለኛለች። ባዶውን ጠዋት እመልሳለሁ፤ ማታ ሞልቶ ይጠብቀኛል። በመጨረሻዋም ቀን ሞልቶ ነበር።

ከሐዘን ተነሥቼ ሥራ ስመለስ ያ በር ላይ ቆምኩ። አልጠየቅኸኝም። ዞር አልክልኝና «ግባ፣ ኢንጂነር» አልክ። ከዚያ ወዲህም ጠይቀኸኝ አታውቅም። ያለ ቀረጥ እሞቃለሁ። ይህ ነገር ምን ያህል እንዳስቆጣኝ አታውቅም። ከሰው ሁሉ የምትጠይቀውን ከእኔ የተውከው፣ ለዚህ ሰው ምንም አልቀረለትም ብለህ ነው? እኔም እንደዚያው አምኜ ነበር። እስከ ዛሬ።

ነገ ወደ አንኮበር ትሄዳለህ። ሳልህ እንዳልተሻለህ አውቃለሁ። ዕድሜህን ሙሉ የሱፍ ማጠቢያ ውሃ ስታሞቅለት የኖርከው ፋብሪካ ብርድ ልብስ ሸልሞሃል፤ ስለ እሱ ያለኝን ለአስተዳደሩ ሌላ ቀን እነግራለሁ። በአንተ ቦታ የተቀጠረ ሰው የለም። ክፍሉ ይሞቅ ይሆናል፤ በሩ ላይ ቆሞ የሚጠይቅ ግን አይኖርም። ዛሬ ካልከፈልኩ የምከፍልበት ቀን የለኝም።

ብርጭቆአችሁን አንሡ። ጋሽ ገብረጻድቅ፣ የአንኮበር ቁር ይራራልህ። ሳልህ ይልቀቅህ። ደጅህ የራሱን ይዞ የሚመጣ ሰው አይጣ። ላደረግህልኝ ሁሉ እግዜር ይስጥልኝ።

ቆዩ፣ ገና አትጠጡ። ጠይቀኝ፣ ጋሽ ገብረጻድቅ። እንደ ድሮው።

አትጠይቀኝም? ግድ የለም፤ ሳትጠይቀኝ እከፍላለሁ።

ብርቱካን እግሯ ሞቆ ነው የሄደችው። ተመስገን።

በሉ፣ ጠጡ።